ቧንቧ ሲፈነዳ ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ ባለዕዳ አይደለም

በጎንደር ከተማ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ለምትመዘግቡና ለምታረጋግጡ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለአከራዮች፣ ለተከራዮችና ውል ለሚያዋውሉ ደላሎች

ጉዳዩ፦ በኪራይ ቤት የውሃና የፍሳሽ መስመር ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራና ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ በዝርዝር እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ሰላምታችንን እናቀርባለን። በከተማችን በቤት ውስጥ ቧንቧ ጥገና የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። እንድንጽፍላችሁ ያነሣሣን በኪራይ ውሎች ላይ ከዓመት ዓመት እየተገለበጠ የሚሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተከራዩ ቤቱን እንደተረከበው አድርጎ ያስረክባል፤ ለሚደርሰው ብልሽትም ኃላፊ ነው።» ምስክር ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ተከራዩ ቤቱን እንዴት ሆኖ እንደተረከበው የሚናገር አንድ መስመር ግን ከውሉ ጋር አይያያዝም። ሩቢኔቱ ያንጠባጥብ ነበር ወይስ አያንጠባጥብም? ቆጣሪው ስንት ላይ ነበር? የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ቶሎ ይወርድ ነበር ወይስ ይቆም ነበር? ማንም አልጻፈም። ስለዚህ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ክርክሩ ከባዶ ይጀመራል። መፍቻ በእጃችን፣ ውሃ ከእግራችን ሥር ሆኖ ዳኛ የምንደረገውም እኛው ነን። አከራይ «የተከራዩ ጥፋት ነው በል» ይለናል፤ ተከራይ «አርጅቶ ነው በል» ይለናል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ወደ እርስ በርሳቸው ይጠቁሙና የእጅ ዋጋችን በመሐል ይቀራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይ ቤት ጥገናን በአከራይና በተከራይ መካከል ከፍሎ ያያል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዟል። ሕግ መርሑን ያስቀምጣል እንጂ ሲፎንና ፍላሽ፣ ቫልቭና ሴፕቲክ ታንክ እያለ አይቆጥርም። ያን መቁጠር የውሉ ሥራ ነው፤ በእኛ ከተማ ውሎች ላይ የጎደለውም ይኸው ነው። ቅሬታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፦ እርጅና እንደ ጥፋት እየተቆጠረ ነው። በፒያሳና ዙሪያዋ ያሉ የቆዩ ቤቶች፣ ከዚያም በኋላ የተሠሩ ብዙ የግቢ ቤቶች፣ የውሃ መስመራቸው ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ይበላል። ቀድሞ የሚበላው ጥርስ የወጣለት ጫፉ ነው፤ ጥርሱ ሲወጣ ዚንኩ ተልጎ ይነሣል፣ ቧንቧውም ይሳሳል። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እርጥበት የማይለየው ክፍልም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ተቆርጦ ሲታይ፣ አዲስ ሳለ ትንሿን ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ በቡናማ ቅርፊት ተደፍኖ እርሳስ በግድ የሚያልፍበት ሆኖ ይገኛል። ቅርፊቱ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ቆርቆሮ ሳስቷል። ጠዋት ሲከፈት ለጥቂት ደቂቃ ቀይ ውሃ የሚሰጥ ቤት፣ ሁለት ሩቢኔት አብሮ ሲከፈት አንዱ የሚደርቅበት ቤት፣ መስመሩ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ተከራዩ እዚህ ቤት «ሩቢኔት ቀይሩልኝ» ብሎ ይጠራናል። አሮጌውን ለመፍታት መፍቻው ሲጠመዘዝ ጉልበቱ ወደ ግድግዳው ውስጥ ያልፋል፤ ኒፕሉ (አጭሩ ማገናኛ) ይሰበራል ወይም ከወዲያ ያለው ኤልቦ (የማዕዘን መገጣጠሚያው) ይሰነጠቃል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ግድግዳ መስበር፣ ቧንቧ መቀየር፣ መልሶ መለሰን ይሆናል። አከራዩ «ሳትነኩት ደኅና ነበር» ይላል። ደኅና አልነበረም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ብረት በመፍቻ ንክኪ ቢሰበር ዕድሜው አልቋል፤ ዕድሜውን የጨረሰው ደግሞ ባለፈው ጥቅምት የገባው ተከራይ አይደለም።

በአንድ መስመር ላይ ሁለተኛ ፍሳሽ ከታየ ያን መስመር እየጠጋገኑ መሄድ ኪሳራ ነው። አንዱ ሲጠገን የሚቀጥለው ደካማ ቦታ ያፈሳል። መፍትሔው መስመሩን በ20 ወይም በ25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መቀየር ነው፤ ይህም የቤቱ ባለቤት ወጪ ነው፣ ቧንቧው ከቤቱ ጋር ይቀራልና። እዚህ ላይ የራሳችንን ድርሻ አንሸሽም። ፒፒአር ሲበየድ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፣ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፣ ከዚያም ሳይጣመም ሳይነካ ሁለት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ከልክ በላይ የሞቀው ወደ ውስጥ ቀልጦ መንገዱን ያጠባል፤ በቅጡ ያልሞቀው ዓመት ሳይሞላ ይላቀቃል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በፓምፕ ተሞልቶ በግፊት ሳይፈተሽ ከተደፈነና በኋላ ከብየዳው ላይ ካፈሰሰ፣ ጥፋቱ የሠራው ባለሙያ ነው። በዚህ እኛ እንጠየቅ።

ሁለተኛ፦ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት ማጣራት ሳይደረግበት በተከራይ ላይ ይጫናል። ከተማችን ውሃዋን ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች ታገኛለች፤ ቤታችን የሚደርሰው ግን በተራ ነው። ውሃ ሲሄድ ቧንቧው በአየር ይሞላል፤ ሲመለስ አየሩን እየገፋ፣ ዝገትና ደለል እያንጠለጠለ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ነገር ይመታል። መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከእጅ መታጠቢያውና ከሽንት ቤቱ ፍላሽ ጋር የሚያያዘው ፍሌክሲብል ቱቦ ነው። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ይፈነዳል፤ ጠዋት ምንጣፉ ተንሳፎ ይገኛል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቱቦው ራሱ ይናገራል። ቆርጣችሁ እዩት። የውስጡ ጎማ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ፣ የውጭው የሽቦ ሽሩባም አንገቱ ላይ ዝጎ ከተበጣጠሰ፣ እርጅና ነው፤ የአከራይ ነው። ተጣሞ ከታጠፈበት ቦታ ከተቀደደ አጥሮ ወይም ረዝሞ የተገጠመ ነው፤ የገጠመው ይጠየቅ። ቱቦው ደኅና ሆኖ ውሃው የወጣው ክፍት ከተተወ ሩቢኔት ከሆነ የተከራይ ነው፤ ያበላሸውን የጎረቤት ጣሪያና ምንጣፍ ጭምር። ውሃ ሲጠፋ ሩቢኔት ከፍቶ አይቶ፣ ሳይዘጉት ቤት ቆልፎ መውጣት በከተማችን የብዙ ጥፋት ምንጭ ነውና ተከራዮች ይህን አምነው እንዲቀበሉ እንፈልጋለን። ፍሌክሲብል አምስት ዓመት ካለፈው ሳይፈነዳ መቀየር ይሻላል፤ ስንገጥም ወርና ዓመተ ምሕረቱን በማርከር ጽፈንበት መሄድ እንችላለን።

የውሃ ማሞቂያው ነገር ከዚህ ይብሳል። ከማሞቂያው ሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ትንሽ የደኅንነት ቫልቭ አለች። ሁለት ሥራ ትሠራለች፦ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን ግፊት አንጠባጥባ ታስወጣለች፤ የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይሄድም ታግዳለች። እየሞቀ ሳለ ጠብ ጠብ ማለቷ ጤናዋ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ታፈሳለች» ብሎ ነቅሎ ይጥላታል፣ ወይም አፏን በቴፍሎን ጠቅልሎ ይደፍናል። የደፈነ ቤቱ ውስጥ ግፊት መውጫ የሌለው ታንክ ሰቅሏል፤ ይህ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ነገር ነው። የነቀለ ደግሞ፣ ፈረቃው ሲያልፍ አንድ ሰው የሙቁን ሩቢኔት በከፈተ ጊዜ አየር ይገባና ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይፈስሳል። ማሞቂያው ባዶውን በመብራት ይቃጠላል። ከዚያ ተከራዩ «አቃጠልከው» ተብሎ አዲስ እንዲገዛ ይጠየቃል። ቫልቯ በቦታዋ ከሌለች ወይም ከተደፈነች፣ የተከራይ እጅ ሳይኖርበት፣ የተቃጠለው ማሞቂያ ዕዳው የቤቱ ባለቤት ነው። ቫልቯን ሳያስፈቅድ የነካካ ተከራይ ካለ ግን እሱ ይክፈል።

በክረምት ደለል ሲበዛ የፍላሹ መሙያና የሩቢኔቱ አፍ ላይ ያለችው ወንፊት ትደፈናለች። ይህ የተከራይ ሥራ ነው፤ ውሃውን ከቫልቩ ዘግቶ፣ በእጅ ፈትቶ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቦ መመለስ። ባለሙያ የሚጠራበት አይደለም።

ሦስተኛ፦ የፍሳሽ መዘጋት። ከሁሉ የከፋ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን። ፍሳሽ ሲዘጋ አከራዮች አንድ መልስ ብቻ አላቸው፦ «የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው።» የዘጋው ነገር የት እንደተገኘ ግን ይጠየቅ። የመጥረጊያ ሽቦ ስናስገባ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ እናውቃለን። በመጀመሪያው ሜትር፣ ሲፎኑ (ከመታጠቢያው ሥር ያለው ውሃ የሚይዝ የታጠፈ ቱቦ) አካባቢ ቆሞ ፀጉር፣ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ሊጥ፣ የረጋ ዘይት፣ ጨርቅ ወይም የሕፃን ዳይፐር ይዞ ከወጣ ያን ክፍል የተከራየው ይክፈል። የቡና አተላ በራሱ ውሃ ይወስደዋል፤ ከረጋ ዘይት ጋር ሲገናኝ ግን እንደ ጭቃ ይመርጋል። የጠላ አተላም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሲንክ መደፋት የለበትም።

ሽቦው ከስድስት ከሰባት ሜትር በኋላ፣ ከብዙ ክፍሎች የሚመጣው በሚገናኝበት መስመር ላይ ከቆመ፣ አንዱን ተከራይ ለይቶ ማስከፈል ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ክፍል ተከራይቶ ሁሉም በአንድ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲገለገሉ፣ ውሃው መጀመሪያ የሚመለሰው ዝቅ ብሎ በተሠራው ክፍል ነው። ያ ሰው በር ላይ ቆሻሻ ስለታየ ብቻ ጥፋተኛ ይባላል። ጥፋቱ የቦታው ነው።

የዛፍ ሥር ገብቶበት ከሆነ፣ ቱቦው ተሰብሮ አፈር ከገባበት፣ ወይም ከመጀመሪያው ቁልቁለቱ ልክ ካልሆነ የአከራይ ነው። 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ 50 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ጠፍጣፋ ከሆነ ቆሻሻው ይተኛል፤ ከመጠን በላይ ከወረደም ውሃው ቀድሞ ሄዶ ደረቁን ጥሎት ይቀራል። ጎንደር ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ቁልቁለት ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው በግንበኛ ግምት የተቀበረ ቱቦ ነው። ማንሆሉን ከፍቶ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ለቆ፣ ስንት ጊዜ ወስዶ እንደደረሰና ምን ያህል ቀርቶ እንደተኛ ማየት በቂ ማስረጃ ነው።

መታጠቢያ ቤቱ ሸተተ ተብሎ የሚወቀስ ተከራይም አለ። ሽታን የሚከለክለው ሲፎኑ ውስጥ የሚቀመጠው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው። መስመሩ አየር መውሰጃ ቱቦ ከሌለው፣ ፍላሽ በተለቀቀ ቁጥር የሲፎኑ ውሃ ተስቦ ይሄድና ጋዙ ወደ ቤት ይገባል። «ሉክ ሉክ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ነገሩ ይኸው ነው። በኦሞ ቢታጠብ፣ በበረኪና ቢታጠብ አይለቅም፤ የአየር ቱቦ ወደ ጣሪያ መውጣት አለበት፤ ያም የቤቱ ግንባታ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ሲሞላም ነገሩ አንድ ነው። ስምንት ዓመት የሞላውን ታንክ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው ያስመጥጥ ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

አራተኛ፦ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ። ሒሳቡ በሰው ይከፈላል፣ ፍሳሹን ግን ማንም አይቆጥረውም። በጠብታ ሥር የግማሽ ሊትር ኩባያ አስቀምጡ። በ15 ደቂቃ ከሞላ በቀን 48 ሊትር፣ በወር ወደ 1.4 ሜትር ኩብ ይፈሳል። የአንዱ ክፍል ሩቢኔት ብቻ ነው ይህ። የፍላሽ ፍሳሽ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ለማወቅ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ወደ ፍላሹ ታንክ አድርጎ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የታችኛው ጎማ አልቋል። የግቢውን ሁሉ ሩቢኔት ዘግቶ፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ የቆጣሪውን ትንሿን ተሽከርካሪ ጠቋሚ 20 ደቂቃ ማየትም አለ። ከዞረች ይፈሳል። ከዚያ ወደ ቤቱ የሚገባውን ዋና ቫልቭ ዝጉ። አሁንም ከዞረች ፍሳሹ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው የተቀበረ መስመር ላይ ነው፤ እሱም የባለቤቱ ነው። ለዚህ ፍሳሽ ተከራዮች በየወሩ ተካፍለው ሲከፍሉ ዓመት የሚያልፍበት ግቢ አለ።

አምስተኛ፦ መዘግየት። ተከራዩ ይደውላል፤ አከራዩ ሌላ ከተማ ነው ወይም «ነገ» ይላል። ውሃው ግን ነገን አይጠብቅም። ብዙ ክፍሎች የራሳቸው መዝጊያ ቫልቭ ስለሌላቸው የአንዱን ፍሳሽ ለማቆም የግቢውን ሁሉ ውሃ መዝጋት ግድ ይሆናል። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ካሠራ ደግሞ «ሳታስፈቅደኝ» ተብሎ ይቀርበታል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከእያንዳንዱ ውል ጋር አንድ ገጽ የቧንቧ ርክክብ ቅጽ ይያያዝ፤ ያለ እሱ ውል አይመዝገብ። ቅጹ ላይ የቆጣሪው ንባብ፣ ዋናው ቫልቭ እስከ መጨረሻ መዝጋቱ፣ የእያንዳንዱ ሩቢኔትና ፍላሽ ሁኔታ፣ የፍሌክሲብሎች ዕድሜ፣ የማሞቂያው የደኅንነት ቫልቭ መኖር፣ የሮቶው ተንሳፋፊና ማፍሰሻ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋ ፍሳሹ የወሰደው ጊዜ ይጻፉ። ሁለቱ ወገኖች አብረው ቢያዩ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ውሃ በሌለበት ቀን የተደረገ ርክክብ ግን ዋጋ የለውም፤ ፈረቃው በደረሰበት ቀን ይሁን።

የወጪው ክፍፍል በምክንያቱ ይጻፍ። ከግድግዳ ውስጥና ከመሬት በታች ያለው መስመር፣ ዋና ቫልቭ፣ ሮቶና ማቆሚያው፣ ማሞቂያ፣ የጋራ ፍሳሽ፣ የአየር ቱቦ፣ ሴፕቲክ ታንክ እንዲሁም በእርጅና ያለቀ ዕቃ ሁሉ የአከራይ። የሩቢኔት ጎማ፣ የወንፊት ጽዳት፣ የራስ ክፍል ሲፎን ጽዳት፣ በአያያዝ የተሰበረና ክፍት በመተው የደረሰ ጉዳት የተከራይ።

ጊዜ ይወሰን። ሊቆም ያልቻለ ፍሳሽና የተመለሰ ሽንት ቤት በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ7 ቀን እንዲጠገን፤ አከራዩ ካልደረሰ ተከራዩ አሠርቶ በደረሰኝ ከኪራዩ እንዲቀንስ በውሉ ይጻፍ።

ጥገና የሠራ ባለሙያ ምን እንደተበላሸ፣ ምክንያቱን፣ የት ቦታ እንደተገኘ፣ የቀየረውን ዕቃ ዓይነትና መጠን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም፤ የተነቀለውን አሮጌ ዕቃም ለሁለቱ ወገን አሳይቶ ያስረክብ። ይህን ለማድረግ እኛ ዛሬውኑ ዝግጁ ነን። ያን ወረቀት ግን ክርክር ሲነሣ እንደ ማስረጃ ተቀበሉት።

ለኪራይ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ለየክፍሉ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ እንዲገጠም፣ በተቻለ መጠንም ለየክፍሉ መለያ ቆጣሪ እንዲኖር ለግቢ ባለቤቶች አሳውቁ። አንድ የግማሽ ኢንች ቫልቭ ከአንድ የተበላሸ ግድግዳ ልስን ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

የርክክብ ቅጹን ረቂቅ አዘጋጅተን ለማቅረብና በምትጠሩን ቀን ቀርበን ለማስረዳት ፈቃደኞች ነን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

በጎንደር ከተማ የምንሠራ የቤት ውስጥ ውሃና ፍሳሽ መስመር ጥገና ባለሙያዎች